በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚወድቀው ስፑለር፦ ፎርማት ለምን አላዳነውም?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ዩዝድ የገዛሁት ኤችፒ ሲሆን ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ከሁለት ወር ወዲህ ፕሪንት እያደረግሁ ሳለ ፕሪንተሮቹ በሙሉ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። ‹ፕሪንት ስፑለር እየሠራ አይደለም› የሚል መልእክት ይመጣል። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ ግን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። አንዱ ባለሙያ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገልኝ፤ አሥር ቀን በደንብ ሠርቶ ተመለሰ። ሌላው ራም ጨምሪ አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ችግሩ ፕሪንተሩ ነው፣ ቀይሪው ይላል። አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ነው፤ ደንበኛ እየተመለሰብኝ ነው። የትኛውን ልመን?»

መልስ፦ ለጊዜው ሦስቱንም አይመኑ። ከሦስቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርስዎ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት አንዳቸውም መዝገቡን ከፍተው አላዩም። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም በወደቀ ቁጥር ሰዓቱን፣ የወደቀውን ፕሮግራምና ሲወድቅ ውስጡ ይሠራ የነበረውን ፋይል ስም ይመዘግባል። በቀን ሦስት ጊዜ ከወደቀ በሳምንት ሃያ ያህል መዝገብ ላፕቶፕዎ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ያንን ሳያነቡ ብር ማውጣት የለብዎትም።

መጀመሪያ ስፑለር ምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ይህ ካልገባ ቀሪው ሁሉ ግምት ነው የሚሆነው። ስፑለር የታክሲ ተራ አስከባሪን ይመስላል። ዎርድ ላይ ፕሪንት ሲሉ ገጹ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። ስፑለሩ ይቀበለዋል፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተራ ያስይዘዋል፣ ፕሪንተሩ ነፃ ሲሆን ይልክለታል። የራሱ መስኮት የለውም፤ ከጀርባ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሲወድቅ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው። ፕሪንተሮቹ በሙሉ ጠፉ ያሉት እነሱ ተበላሽተው ሳይሆን ዝርዝሩን የሚያሳየው ስፑለሩ ስለወደቀ ነው። በነገራችን ላይ ስፑለሩ ከወደቀ ላፕቶፑን ማጥፋት አያስፈልግም። ሰርች ላይ «ሰርቪስስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ከዝርዝሩ ፕሪንት ስፑለርን ያገኙና ቀኝ ክሊክ አድርገው «ስታርት» ይበሉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ዋናው ነገር። የፕሪንተር ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። ብዙ ጊዜ ስፑለሩ ቤት ገብቶ፣ የስፑለሩን ማዕድ ተጋርቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ ድራይቨር ሲሳሳት ራሱ ብቻ አይወድቅም፤ ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ይባስ ብሎ የሚጥልዎት ድራይቨር አሁን የሚጠቀሙበት ፕሪንተር ላይሆን ይችላል። ከዓመት በፊት ለአንድ ቀን ተውሰው የሰኩት ካኖን፣ የሸጡት የድሮ ኤፕሰን፣ ከአንድ ፕሮግራም ጋር ተደርቦ የገባ የፒዲኤፍ መሥሪያ፣ ሁሉም ድራይቨራቸውን ትተው ይሄዳሉ። ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ መሰረዝ ድራይቨሩን አይሰርዘውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፒያሳ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎት። ባለቤቱ የሚጠቀመው በሁለት ፕሪንተር ነው። የድራይቨሩን ዝርዝር ስንከፍት አሥራ አንድ አገኘን። የፕሪንተሮቹ ዝርዝር ላይ ደግሞ የአንዱ ፕሪንተር ስም ብቻ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ጫፉ ላይ «ኮፒ 1»፣ «ኮፒ 2» የሚል ተቀጥሎበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዩኤስቢውን ገመድ ነቅለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰኩት ዊንዶውስ አዲስ ፕሪንተር የመጣ ይመስለዋል። ያ ሰው ያረጁትን ጠራርጎ ሁለቱን ብቻ ሲያስቀር ችግሩ ቆመ። ምንም ዕቃ አልገዛም።

ወደ ሦስቱ ምክሮች ልመለስ። ቫይረስ የሚለው ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ቫይረስ) ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ የስፑለር የደኅንነት ክፍተት ነበር። በ2021 ደግሞ ፕሪንት ናይትሜር የተባለ ከባድ የደኅንነት ክፍተት እዚሁ ስፑለር ላይ ተገኝቶ ማይክሮሶፍት በጥድፊያ ማስተካከያ አውጥቷል። ግን በኮፒ ቤት ፍላሽ የሚዘዋወረው ፋይል እየደበቀ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ስፑለር ሲጥል አላየሁም። የእርስዎ ሱቅ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማጣራቱ ግዴታ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የሚል ምርጫ አለው። ላፕቶፑን ሬስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል። አንድ ጊዜ ያስፈትሹ። ንጹሕ ከሆነ የቫይረሱን ጉዳይ ይዝጉትና ወደ ፊት ይለፉ። ሁለተኛ አንቲቫይረስ አይጫኑ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሌላ ራስ ምታት ሊሆኑ ይችላሉ።

ራም ጨምሪ የሚለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ራም ማነስና ራም መበላሸት አንድ አይደሉም። ራም ሲያንስ ላፕቶፑ ይንቀረፈፋል፤ አንድን ሰርቪስ እየመረጠ በቀን ሦስቴ አይጥልም። የተበላሸ ራም ደግሞ ማንኛውንም ነገር ይጥላል፤ ዛሬ ስፑለሩን፣ ነገ ክሮምን፣ ከነገ ወዲያ ሰማያዊ ስክሪን። የእርስዎ ላፕቶፕ ስፑለሩን ብቻ እየመረጠ የሚጥል ከሆነ ራም የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ፕሪንተሩን ቀይሪው የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አልደግፍም። ፕሪንተር ሲበላሽ ወረቀት ይነክሳል፣ ይደበዝዛል፣ «ኦፍላይን» ይላል። ራሱ ስፑለሩን የመጣል ዕድሉ አነስተኛ ነው። አዲስ ቢገዙ አዲስ ድራይቨር ይጨመራል፤ አሮጌውም እዚያው ይቀራል። ብሩ ወጥቶ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል።

ፎርማቱስ ለምን አሥር ቀን ብቻ አገለገለ? ፎርማት አደረግን የሚሉ ብዙዎች ዊንዶውስ ከጫኑ በኋላ ከኪሳቸው አንድ ፍላሽ አውጥተው የሁሉንም ዓይነት ድራይቨር ጥቅል በአንዴ ይጭናሉ። ያ ጥቅል ለዓመታት ያልታደሰ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እርስዎ ሱቅ ተመልሰው ፕሪንተሮችዎን አንድ በአንድ ይሰካሉ። ችግር ያለበት ድራይቨር በሦስተኛው ቀንም በአሥረኛውም ቀን ተመልሶ ሊገባ ይችላል። እንደገመትኩት አሥረኛው ቀን አካባቢ የተለየ ፕሪንተር ሰክተዋል ወይም አንድ ፕሮግራም ጭነዋል። ያስታውሱ፤ ቀኑን ካስታወሱ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

ቀኑን ለማወቅ የሚረዳ ነገር ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ሰርች ላይ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉ። የሚከፈተው ገጽ ቀናትን በረድፍ ያሳያል፤ አንድ ነገር የወደቀበት ቀን ላይ ቀይ ክብ ከኤክስ ምልክት ጋር ይቀመጣል። ከታች በዚያ ቀን የተጫነው ሁሉ ተዘርዝሯል። የስፑለሩ ውድቀት «ስፑለር ሰብሲስተም አፕ» በሚል ስም ነው የሚገኘው። የመጀመሪያው ቀይ ምልክት የት እንደጀመረ ይዩ። በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው ምን ተጫነ? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይገኛል።

ቀጥሎ ወደ ኢቨንት ቪውወር ይሂዱ። እሱም ሰርች ላይ ይገኛል። በግራ በኩል «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከሥሩ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ይክፈቱ። ቁጥሩ 1000 የሆነና ቀይ ምልክት ያለበትን መዝገብ ይፈልጉ። የወደቀው ፕሮግራም ስም ስፑልኤስቪ (spoolsv.exe) የሚል መሆን አለበት። ከሥሩ «ፎልቲንግ ሞጁል ኔም» የሚል መስመር አለ። ትልቁ ቁም ነገር ያ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ ፋይሉ የተቀመጠበት አድራሻ ተጽፏል። አንድ መዝገብ አይበቃም። ቢያንስ አምስቱን ከፍተው አምስቱንም ስም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በስልክ ፎቶ ቢያነሡትም ይሻላል። አብሮ የሚታየውን የስሕተት ኮድም አይርሱ።

አሁን አምስቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስተያዩ። መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል።

አምስቱም ላይ አንድ ዓይነት ስም ከተጻፈና አድራሻው ስፑል ድራይቨርስ የሚል ፎልደር ውስጥ ከሆነ ጥፋተኛው ተይዟል። ድራይቨር ነው። የማን እንደሆነ ካላወቁ ፋይሉን በአድራሻው ሄደው ያግኙት፣ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ሲሉ የኩባንያውን ስም ያሳያል።

አምስቱም ላይ ኤንቲዲኤልኤል (ntdll.dll) የሚል ስም ካገኙ አይደናገጡ፤ እሱን ፍለጋም አይሂዱ። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ነው፤ ሁሉም ፕሮግራም ያልፍበታል። አስፋልት ላይ አደጋ ቢደርስ አስፋልቱን አንከስም። ብዙ ጊዜ ሌላ ድራይቨር ሜሞሪውን አበላሽቶ ሄዶ ዊንዶውስ ኋላ ሲነቃ የሚመዘገበው ይህ ስም ነው፤ በተለይ የስሕተት ኮዱ በ374 የሚያልቅ ከሆነ። እዚህ ላይ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፦ ይህን ፋይል ከኢንተርኔት አውርደው «ተኩት» የሚሉ ገጾች ብዙ ናቸው። በፍጹም እንዳያደርጉት። ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ የሚያወርዱት ፋይልም ማን እንደሠራው አይታወቅም። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ድራይቨሮችን እየቀነሱ መፈተን ነው።

ስሞቹ በየጊዜው የሚለያዩ ከሆነ፣ ከስፑለሩም ሌላ ክሮምና ዎርድ አብረው የሚወድቁ ከሆነ ግን ወደ ዕቃው እንዞራለን። ዊንዶውስ የራሱ የራም መፈተሻ አለው፤ ሰርች ላይ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ይባላል። ሱቅ ሲዘጉ ያስጀምሩት። ላፕቶፑ ዩዝድ ስለሆነ ዲስኩንም ያስፈትሹ። በእነዚህ ላይ ስሕተት ከተገኘ ያ ራም ጨምሪ ያለዎት ሰው ወደ እውነቱ ተጠግቶ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን መጨመር ሳይሆን የተበላሸውን መቀየር ነው።

ከእርስዎ ገለጻ ተነሥቼ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ነው እላለሁ። ስለዚህ ጽዳቱን ዘርዘር ላድርገው።

ሥራ ሲጨርሱ ይጀምሩ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አይነካካም። መጀመሪያ ፋይልዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ከዚያ ሰርቪስስ ውስጥ ገብተው ስፑለሩን «ስቶፕ» ያድርጉት። ቀጥሎ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ እያሉ ይግቡ። እዚህ ፎልደር ውስጥ ያሉት ወረፋ ላይ የቀሩ ሥራዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፋይል አለ፤ አንዱ ገጹን፣ ሌላው የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚታተም የሚናገረውን ይይዛል። በውስጡ ያለውን ብቻ ያጥፉ። ፎልደሩን ራሱን አይንኩ። ጎኑ ያሉትን ፎልደሮችም አይንኩ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ፤ የእኛ ከተማ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩ ይጠፋል። ላፕቶፕዎ ባትሪው ደህና ከሆነ ይቀጥላል፤ ሥራውም ወረፋ ላይ ይጠብቃል። ዩዝድ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው የሞተ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል። በዚያች ቅጽበት ስፑለሩ እየጻፈው የነበረው ፋይል በግማሽ ይቀራል። መብራት መጥቶ ላፕቶፑ ሲነሣ ስፑለሩ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀረውን ወረፋ ማንበብ ነው። የተበላሸውን ፋይል ያነባል፣ ይወድቃል። ዊንዶውስ መልሶ ያስነሣዋል፣ ያንኑ ፋይል ያነባል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ስፑለሩ ገና እንደተነሣ በሰኮንዶች ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ወረፋውን ይጠርጥሩ። ከተነሣ በኋላ ሰዓታት ሠርቶ፣ አንድ የተወሰነ ሥራ ሲላክ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩን። እርስዎ የገለጹት ሁለተኛውን ይመስላል፤ ቢሆንም ወረፋውን ማጽዳት ነፃ ነው፤ ያጽዱት።

የሞተ ባትሪ ካለዎት መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ለላፕቶፑ ይግዙ። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን እዚያው ዩፒኤስ ላይ አይሰኩት። ሌዘር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ለማቅለጥ ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል፤ ትንሹ ዩፒኤስ አይችለውም።

ወረፋው ከጸዳ በኋላ ስፑለሩን መልሰው ያስነሡት። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የማይክሮሶፍት ያልሆኑትን ፕሪንተሮች ከዝርዝሩ ይሰርዙ፤ የሚጠቀሙባቸውን በኋላ አንድ በአንድ ይመልሳሉ። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይመጣል። የፕሪንተሮቹ ገጽ ላይ «ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ» የሚል አለ፤ እሱን ከፍተው «ድራይቨርስ» የሚለውን ታብ ይጫኑ። የተጠራቀሙት ሁሉ እዚህ ይታያሉ። ማይክሮሶፍት ከሚል ስም የሚጀምሩትን ይተዉ። የቀሩትን አንድ በአንድ «ሪሙቭ» ይበሉ፤ ሲጠይቅዎት «ድራይቨሩንና ጥቅሉን» የሚለውን ይምረጡ። ድራይቨሩን ብቻ ካጠፉ ጥቅሉ ዲስኩ ላይ ይቀርና ፕሪንተሩን በሰኩ ቁጥር ከዚያው ይጫናል። «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ስፑለሩን ሬስታርት አድርገው ወዲያው ይሞክሩ፤ እንደገና ሳይይዘው ይለቃል።

አሁን በየቀኑ የሚጠቀሙበትን አንድ ፕሪንተር ብቻ ይጫኑ። ድራይቨሩን ከአምራቹ ከራሱ ገጽ ያውርዱ። ሁለት ዓይነት ይቀርብልዎታል፦ ከሁሉም ማስጌጫ ጋር የመጣው ትልቁና «ቤዚክ» ወይም «ድራይቨር ብቻ» የሚለው ትንሹ። ትንሹን ይውሰዱ። ዳታም ይቆጥባል፤ ከጀርባ የሚሠራ ተጨማሪ ነገርም አያመጣም። «ድራይቨርዎ አርጅቷል፣ እናድስልዎ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አይንኩ። ከዚያ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን በአንዱ ፕሪንተር ይሥሩ። ካልወደቀ ሁለተኛውን ይጨምሩ፤ ሁለት ቀን ይጠብቁ። እንዲህ ሲጨምሩ መውደቅ ከጀመረ ጥፋተኛው የመጨረሻ የተጨመረው ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በዚህ ወቅት ሁለት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ከጫኑ የትኛው እንደሆነ መቼም አያውቁም። እንዲያውም ገመዶቹን ሁልጊዜ በዚያው ቀዳዳ እንዲሰኩ በቴፕ ምልክት ያድርጉባቸው።

የሚጥልዎት ድራይቨር የሚያስፈልግዎት ፕሪንተር ሆኖ ከተገኘስ? ሦስት ምርጫ አለ። ለብዙ ሌዘር ፕሪንተሮች አምራቹ «ዩኒቨርሳል» የሚባል ድራይቨር አለው፤ ለዚያ ፕሪንተር ብቻ ከተሠራው ይልቅ እሱ ሊረጋጋ ይችላል፤ መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። አዲስ አዲሶቹ በኔትወርክ የሚገናኙ ፕሪንተሮች ደግሞ ሞፕሪያ የሚባለውን ደረጃ ካሟሉ በዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር ይሠራሉ፤ የአምራቹ ጨርሶ አያስፈልግም። ሦስተኛው ዊንዶውስዎ ፕሮ ከሆነ ብቻ የሚሠራ ነው። «ፕሪንት ማኔጅመንት» ውስጥ ድራይቨሩን ቀኝ ክሊክ አድርገው «አይሶሌትድ» ሊያደርጉት ይችላሉ። ድራይቨሩ ከስፑለሩ ቤት ወጥቶ ለብቻው ጓዳ ይሰጠዋል ማለት ነው። ቢወድቅም ብቻውን ይወድቃል። ገደብ አለው፤ አንዳንድ ድራይቨር ይህን አይቀበልም፤ እንደ ፖርት ሞኒተር (ሥራውን ወደ ፕሪንተሩ የሚያስተላልፈው) ያሉ ክፍሎችም ስፑለሩ ውስጥ እንደሆኑ ይቀራሉ። ቢሆንም ሌላ ምርጫ ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ እስኪፈታ ሥራ እንዳይቆም የሚያግዝ ነገር አለ። ሰርቪስስ ውስጥ ስፑለሩን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው «ሪከቨሪ» የሚለውን ታብ ይክፈቱ። ሲወድቅ ምን ይደረግ የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉ። ሦስቱንም «ሪስታርት ዘ ሰርቪስ» ያድርጓቸው። ከዚያ በወደቀ ቁጥር ራሱ ይነሣል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። እየታተመ ሳለ ወድቆ የተነሣ ሥራ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። የ120 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ 90ኛው ገጽ ላይ ወድቆ እንደ አዲስ ከጀመረ ወረቀቱም ቶነሩም የእርስዎ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ትልልቅ ሥራ ሃያ ሃያ ገጽ እየከፈሉ ይላኩ። ፎቶ የበዛበት ፒዲኤፍ ሲላክ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ አዶቤ ሪደር ውስጥ «አድቫንስድ» ብለው «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ይዘገያል፤ ግን ድራይቨሩ ፎንትና ሥዕል ለመተርጎም የሚያደርገውን ትግል ይቀንስለታል። የአማርኛ ፎንት የተቀላቀለበት የድሮ ፋይል ላይም ይህንኑ ይሞክሩ።

ጽዳቱን ሁሉ አድርገው ካልተለወጠ የዊንዶውስ ፋይሎችን ማደስ ይቀራል። ኤስ ኤፍ ሲ እና ዲ አይ ኤስ ኤም የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ማንኛውም ደህና ባለሙያ ያውቃቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ፎርማት ሲደረግ የገባው ዊንዶውስ ከየት የመጣ ነው? «ቀለል ተደርጓል» እየተባለ የሚዞር፣ ሰርቪሶች የተቆረጡበት፣ አፕዴት የተዘጋበት ዊንዶውስ ከሆነ እነዚህ ትእዛዞች የሚያድኑት ነገር የለም። ያን ጊዜ ፎርማት ተገቢ ነው፤ ግን ከማይክሮሶፍት ገጽ በቀጥታ በወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ፣ ያለ ድራይቨር ጥቅል።

ዊንዶውስ 10 ራሱም ጊዜው አልፏል። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዛሬ ስፑለርዎን የሚጥለው ይህ አይደለም። ግን እንደ ፕሪንት ናይትሜር ያለ ክፍተት ነገ ቢገኝ ማስተካከያው በራሱ አይመጣልዎትም፤ እርስዎ ደግሞ የማያውቁት ሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ይሰካሉ። ላፕቶፕዎ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ይዩ፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕም ካለው ወደ ዊንዶውስ 11 ያልፋል። ከዚያ በታች ከሆነ አይመጥንም፤ የሚቀጥለውን ላፕቶፕ ሲገዙ ይህን ጠይቀው ይግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ደንበኞችዎ። ያ የወረፋ ፎልደር ውስጥ የቀሩት ፋይሎች የሰው መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀት፣ ያልቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ላፕቶፑን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ያጽዱት፤ ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ላይ የተከማቸውንም እንዲሁ።

የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ይህ ነው፦ ምንም አይግዙ፣ ፎርማትም አያስደርጉ። ዛሬ ማታ ሱቅ ሲዘጉ አምስቱን መዝገቦች አንብበው ስማቸውን ይጻፉ፣ ወረፋውን ያጽዱ፣ የተጠራቀሙትን ድራይቨሮች ከነጥቅላቸው ያስወግዱ፣ በአንድ ፕሪንተር ይጀምሩ። በራስዎ ለመሥራት ካልደፈሩ ያንን የስም ዝርዝር ይዘው ወደ ጥገና ቤት ይሂዱ። ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነብና ስለ ስሞቹ የሚጠይቅዎት ሰው ጋ ላፕቶፑን ይተዉለት። ሳያየው ፎርማት ይደረግ የሚል ከሆነ ላፕቶፑን ይዘው ይመለሱ።